ጋሊሊዮ ጨረቃ ላይ ተራራ መኖሩን በምን አወቀ? የቺጎሊ ሥዕልስ?

ንጋት_ኮከብ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ሮም በሚገኘው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን፣ ጳጳስ ጳውሎስ 5ኛ ባሠሩት ጸሎት ቤት ጉልላት ላይ ሎዶቪኮ ቺጎሊ ከ1610 እስከ 1612 የሠራው የእመቤታችን ሥዕል አለ። ራእይ 12፥1 ላይ እንደተጻፈው ጨረቃ ከእግሯ በታች ናት። ጨረቃዋ ግን በሌሎች ሥዕሎች እንደለመድናት ልሙጥ አይደለችም፤ ጠርዟ የተሸራረፈ፣ ፊቷ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለበት ነው። ቺጎሊ ይህን ያገኘው ከወዳጁ ከጋሊሊዮ እንደሆነ አውቃለሁ። ያልገባኝ ሌላ ነው።

ጨረቃ ነጠብጣብ እንዳላት ሰው ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ያያል። ታዲያ ጋሊሊዮ «ይህ ቀለም ሳይሆን ተራራና ጉድጓድ ነው» ለማለት ምን አስደፈረው? ከፍታውንም ለክቷል ይባላል፤ ምድር ላይ ሆኖ በምን ለካው? ደግሞስ በኋላ ጋሊሊዮ ላይ የፈረደችው ቤተ ክርስቲያን ይህችን ጨረቃ በጳጳሱ ጸሎት ቤት ውስጥ እንዴት ዝም አለቻት? አዳም ኤልስሃይመር የሚባል ሠዓሊ ከጋሊሊዮ ቀድሞ በቴሌስኮፕ አይቶ ስሏል የሚልም አንብቤአለሁ፤ እውነት ነው?


ጥላና_ብርሃን፦

እህቴ ንጋት፣ መልሱ ያለው ጥላው ላይ ነው። ጋሊሊዮ ራሱ ሁለት ዓይነት ነጠብጣብ ለይቷል። ትልልቆቹ ጥቁር ንጣፎች፣ ዛሬ «ባሕር» የምንላቸው፣ በባዶ ዓይን ይታያሉ፤ ቅርጻቸው ከቀን ቀን አይለወጥም። ከ1609 ኖቬምበር መጨረሻ ጀምሮ ፓዶቫ ላይ 20 ጊዜ በሚያጎላ ቴሌስኮፕ ያገኛቸው ትንንሾቹ ግን ጠባያቸው ሌላ ነው። እያንዳንዳቸው ወደ ፀሐይ ባለው ወገናቸው ይጨልማሉ፣ በተቃራኒው ጠርዛቸው ያበራሉ። ፀሐይዋ ጨረቃዋ ላይ ከፍ እያለች ስትሄድ ደግሞ ጥቁሩ እየጠበበ ይሄዳል። ቀለም ቢሆን ኖሮ ፀሐይ ከየትም ብትመጣ ባለበት በቀረ ነበር።

ይህ ቤት ውስጥ ይሞከራል። ጠረጴዛ ላይ አንድ ጎድጓዳ ሳህንና አንድ የተደፋ ሲኒ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ክፍሉን አጨልሙና የእጅ ባትሪ ከግራ በኩል፣ የጠረጴዛውን ፊት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። የሳህኑ ግራ ውስጡ ይጨልማል፣ ቀኙ ያበራል። ሲኒው ተገላቢጦሽ ነው፤ ግራው ያበራና ጥላው በስተቀኝ ይረዝማል። ባትሪውን በቀስታ ወደ ላይ ስታነሱት ጥላዎቹ ያጥራሉ፤ አናታቸው ላይ ሲደርስ ሳህኑም ሲኒውም የጠፉ ያህል ጠፍጣፋ ይመስላሉ። ሙሉ ጨረቃ ለዚህ ሥራ የማትረባው በዚህ ምክንያት ነው። ፀሐይ ከአድማስ 10 ዲግሪ ላይ ስትሆን 2 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል፤ 45 ዲግሪ ስትደርስ ጥላው 2 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ሌላው ማስረጃ የብርሃኑና የጨለማው ድንበር ነው። ልሙጥ ኳስ ብትሆን ድንበሩ በጥርት ያለ መስመር በታየ ነበር። የሚታየው ግን የተቦጫጨቀ ነው፤ ከድንበሩ አልፎ ጨለማው ውስጥ ደግሞ ብቻቸውን የሚያበሩ ነጥቦች አሉ። ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ሲያያቸው ነጥቦቹ ሰፍተው ከብርሃኑ ክፍል ጋር ተገናኝተዋል። ሸለቆው ገና ሳይነጋለት የተራራው አናት ፀሐይ ሲመታው ከዚህም የምናየው ነገር ነው።

ከፍታውን የለካው በእነዚሁ ነጥቦች ነው። አንዳንዶቹ ከድንበሩ የጨረቃን ወርድ ሃያኛ እጅ ያህል ርቀው አገኛቸው። የምድርን ወርድ 7,000 የጣሊያን ማይል፣ የጨረቃን ደግሞ የዚያን 2/7 ማለትም 2,000 ማይል አድርጎ ወሰደ። ስለዚህ ከጨረቃ መሃል እስከ ፊቷ 1,000 ማይል፣ ከድንበሩ እስከ ነጥቡ 100 ማይል ሆነ። የፀሐይ ጨረር ድንበሩ ላይ ጨረቃን ታክኮ አልፎ የተራራውን አናት ስለሚመታ መሃሉ፣ ድንበሩና አናቱ ባለ ቀጤ ማዕዘን ጎነ ሦስት ይሠራሉ። 1,000 በራሱ ሲባዛ 1,000,000፣ 100 በራሱ ሲባዛ 10,000፣ ድምሩ 1,010,000። ካሬ ሩቱ 1,005 ሊሞላ ለጥቂት ይጎድለዋል። 1,000ውን ስንቀንስ የተራራው ከፍታ ይቀራል፤ ጋሊሊዮ ከ4 ማይል በላይ ብሎ ጻፈው።

ስህተት የሚገባው «ሃያኛ» በምትለው ግምት በኩል ነው። ርቀቱ በራሱ ስለሚባዛ ትንሽ ስህተት ትልቅ ይሆናል። በዛሬው ልክ፣ ሬዲየሱን 1,737 ኪሎ ሜትር አድርገን ስንሠራ፣ ሃያኛ እጅ 8.7 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይሰጣል፤ ሃያ አምስተኛ እጅ ቢሆን 5.5 ብቻ። በጨረቃ አፔኒን ሰንሰለት ትልቁ ሞንስ ሃይገንስ ከ5 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ስለሆነ ጋሊሊዮ አብዝቷል፤ ዘዴው ግን ትክክል ነው። ልትሞክሩት ካሰባችሁ ጨረቃ እኩሌታዋ በበራበት ሌሊት ይሁን፤ ያኔ የፀሐይ ጨረር ከእኛ እይታ ጋር ቀጤ ማዕዘን ይሠራል። ቀጭን ጨረቃ ላይ ርቀቱ ታጥፎ ስለሚታይ ሌላ እርማት ይጠይቃል። ርቀቱም ከድንበሩ በቀጥታ ይለካ፤ በሰያፍ ከተለካ ከፍታው ያለ አግባብ ያድጋል።


ቱቦና_ሌንስ፦

ጥላና_ብርሃን ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ መሣሪያውን ግን ባንዘልለው ይሻላል። ጨረቃን በቴሌስኮፕ አይቶ በመሳል የምናውቀው የመጀመሪያው ሰው ጋሊሊዮ አይደለም፣ እንግሊዛዊው ቶማስ ሃሪዮት ነው። ለንደን አጠገብ ሳዮን በሚባለው ቦታ፣ በአሮጌው የእንግሊዝ አቆጣጠር ጁላይ 26 ቀን 1609፣ 6 ጊዜ በሚያጎላ መሣሪያ አይቶ ሳላት። ሃሪዮት ተራ ሰው አልነበረም። በ1585 ወደ ሰሜን አሜሪካ፣ ወደ ሮአኖክ፣ ከሠዓሊው ከጆን ኋይት ጋር ተጉዞ አገሩን ያጠና የሒሳብ ሊቅ ነው። የሳላት ጨረቃ ግን የተቦጫጨቀ ድንበርና ጥቂት ጥቁር ንጣፎች ብቻ አሏት። አንድም ጉድጓድ የለም። 6 እጥፍና 20 እጥፍ አንድ አይደሉም።

የጋሊሊዮ መሣሪያ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበር ፍሎረንስ ከሚገኙት ከሁለቱ ቴሌስኮፖቹ ማየት ይቻላል። አንደኛው 92.7 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ የፊት ሌንሱ ወደ ውጭ ያበጠ፣ የትኩረት ርቀቱ 980 ሚሊ ሜትር ነው። ዛሬ ያለበት የዓይን ሌንስ ደግሞ ጎድጓዳ፣ 47.5 ሚሊ ሜትር። 980ን ለ47.5 ስታካፍሉት 21 ገደማ ይመጣል፤ የማጉላት አቅሙ ያ ነው። የፊት ሌንሱ ወርድ 37 ሚሊ ሜትር ሲሆን ብርሃን የሚያስገባው ግን መሃሉ ያለው 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ዙሪያው ተሸፍኗል። በእጅ የተሞረደ ሌንስ ጠርዙ ላይ ቅርጹን ስለሚስት ጠርዙን ካልሸፈኑት ምስሉ ጉም ይለብሳል፣ ዙሪያውም ቀለም ያወጣል። ሽፋኑ ምስሉን ያጠራል፣ በልዋጩ ብርሃን ይቀንሳል፣ ጥቃቅኑንም ያጠፋል። በ15 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ከ15 ኪሎ ሜትር ገደማ ያነሰ የጨረቃ ጉድጓድ ተለይቶ አይታይም።

የእይታው ስፋት የባሰ ነው፤ 15 የዲግሪ ደቂቃ ብቻ። ጨረቃ 30 ደቂቃ ያህል ስለምትሰፋ አንድ ጊዜ የሚታየው ሩቧ ነው። ሰማዩ ደግሞ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚዞር አንድ ጉድጓድ ከእይታው አንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው ለመውጣት አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። እንግዲህ ጋሊሊዮ ጨረቃን በቀለም ቅብ ሲስል ቁራጭ በቁራጭ እያየ፣ ቱቦውን ደጋግሞ እየመለሰ፣ ወረቀቱ ላይ ያሉትን በልቡ እያገጣጠመ ነው።

ሌንሱን ከምን እንደሠራው የሚናገር ወረቀትም አለ። በኖቬምበር 1609 በተጻፈለት ደብዳቤ ጀርባ ላይ የገበያ ዝርዝሩን ጽፏል። ሁለት የመድፍ ጥይት፣ የቆርቆሮ የኦርጋን ቱቦ፣ የጀርመን መስተዋት፣ የመስተዋት ስባሪ፣ ትሪፖሊ የሚባል ማለስለሻ ዱቄት፣ የግሪክ ዝፍት፣ ፈልት የሚባል የተዳመጠ ሱፍ፣ ከዚያው ጋር ለቤቱ ሩዝ፣ ስኳር፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ። የመድፍ ጥይቱ ለሌላ አይደለም፤ ክብ ብረት ላይ መስተዋት በአሸዋና በውኃ ሲፈተግ ጎድጓዳ ይሆናል። ከላይ ላለው ዓይነት የዓይን ሌንስ፣ አንድ ፊቱ ብቻ ቢጎደጎድ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርድ ያለው ኳስ ልኩ ነው። ከዚያ በትሪፖሊ ዱቄት እስኪያበራ ይለሰልሳል። ችግሩ ያለው እዚሁ ማለስለሱ ላይ ነው፤ ጨርቁ ለስላሳ ከሆነ ጠርዙን እየበላ ቅርጹን ያበላሻል፤ መስተዋቱ ራሱ አረፋ ካለበት ደግሞ ምንም አያድነውም። ጋሊሊዮ በማርች 1610 ብዙ ገንዘብና ድካም ካፈሰሰባቸው ከ60 በላይ ቴሌስኮፖች መካከል ለሥራው የሚሆኑትን እጅግ ጥቂት ብቻ እንዳገኘ ጽፏል።


ጥላና_ብርሃን፦

ስለ ሃሪዮት አንድ ነገር ልጨምር። በ1610 ጋሊሊዮ የጨረቃ ሥዕሎቹን ያሳተመበት መጽሐፍ እንግሊዝ ከደረሰ በኋላ ሃሪዮት እንደገና ሲስል ጉድጓዶቹ ወረቀቱ ላይ ወጡ። መሣሪያውም ተሻሽሎለት ነበር፣ አልክድም። ግን በዚያ ሥዕል ውስጥ ከጋሊሊዮ ኅትመት የምናውቀው ያ ትልቅ ክብ ጉድጓድ አለ፤ ይህ ጉድጓድ ዛሬ አልባቴግኒየስ የሚባለው እንደሆነ ይታመናል። እውነተኛ ወርዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የጨረቃን ወርድ 27ኛ እጅ ነው። ጋሊሊዮ በመዳብ ቅርጹ ላይ ጥላው እንዲነበብ ብሎ ከልኩ እጅግ አግዝፎታል። ሃሪዮትም ገዝፎ ነው ያሰፈረው። ስለዚህ መስተዋቱ ብቻውን አላሳየውም፤ ምን መፈለግ እንዳለበት ሥዕሉ ነግሮታል።

ጋሊሊዮ የጥላን ሥዕል የተማረ ሰው ነው። እሱና ቺጎሊ ሁለቱም ጥልቀት አሳይቶ የመሳልን ሥርዓት ከኦስቲሊዮ ሪቺ ተምረዋል፤ በ1613 ደግሞ ጋሊሊዮ የፍሎረንስ የሥዕል አካዳሚ አባል ሆኗል። ኳስ ላይ ብርሃን እንዴት እንደሚወድቅ፣ ጎድጓዳ ነገር የትኛው ፊቱ እንደሚጨልም፣ ለእነሱ የየዕለት ልምምድ ነበር።


እርጥብ_ኖራ፦

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልግባ፣ ብዙ ሰው የሚስተው እሱን ስለሆነ።

በኤፕሪል 1611 ጋሊሊዮ ሮም በነበረበት ጊዜ ካርዲናል ቤላርሚን ለሮማው ኮሌጅ ኢየሱሳውያን የሒሳብ ሊቃውንት ጥያቄ ላኩ፤ የሚባለው ነገር እውነት ነውን የሚል። በቀናት ውስጥ መልስ መጣ። የጁፒተር አራቱ ጨረቃዎች አሉ፣ ቬኑስም እንደ ጨረቃ ትጎድላለች ትሞላለች አሉ። ጨረቃ ላይ ሲደርሱ ግን ተለያዩ። ትልቁ ክላቪዩስ፣ የግሪጎሪያኑን የቀን አቆጣጠር ካሰናዱት አንዱ፣ ያ ሁሉ መለያየት እንደሚታይ አልካዱም፤ ፊቷ ወጣ ገባ ከመሆን ይልቅ አካሏ አንዱ ቦታ ጥቅጥቅ፣ ሌላው ሳሳ ያለ ቢሆን ይቀላል አሉ። የቀሩት አንዳንዶቹ ደግሞ ወጣ ገባነቱ እውነተኛ ነው ብለው አመኑ። ልዩነቱ በግልጽ ተጽፎ ነው ለካርዲናሉ የተላከው። ቺጎሊ በዚያው ዓመት ኦገስት ለጋሊሊዮ ሲጽፍ ክላቪዩስን አንስቶ፣ ሥዕል የማያውቅ የሒሳብ ሊቅ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ግማሽ ሊቅ፣ ዓይንም የሌለው ሰው ነው ብሏል። ከባድ ቃል ነው፤ ግን ከላይ ጥላና_ብርሃን ያስረዳውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዞታል።

ከፍሎረንስ ሎዶቪኮ ዴሌ ኮሎምቤ ደግሞ ሌላ መውጫ አመጣ፤ ሸለቆዎቹ በማይታይ ጥርት ያለ ነገር የተሞሉ ናቸው፣ ስለዚህ ጨረቃ አሁንም ፍጹም ኳስ ናት አለ። የጋሊሊዮ መልስ ሊዘነጋ አይገባም። የማይታይ ነገር መጨመር ከተፈቀደ፣ እኔም ከዚያው ከማይታየው ነገር ካየኋቸው አሥር እጥፍ የሚረዝሙ ተራሮች እጨምራለሁ አለ። ማስረጃ የማይነካው መላምት ለሁለቱም ወገን እኩል ይሠራልና።

እንግዲህ ሥዕሉ። በመጽሐፍ ቅዱስ ጨረቃ ሁለት መልክ አላት። መኃልየ መኃልይ 6፥10 «እንደ ጨረቃ የተዋበች» ይላል፤ ይህን የተከተሉ ሠዓሊዎች ጨረቃን ነውር የሌለባት፣ የእመቤታችን ንጽሕና ምሳሌ አድርገው ልሙጥ ይስሏታል። ከቺጎሊ በኋላ እንኳ ወጣቱ ቬላስኬዝ በሴቪል በ1618 እና 1619 አካባቢ የሳላት ጨረቃ ብርሃን የሚያሳልፍ ልሙጥ ኳስ ናት። በራእይ 12፥1 ያለችው ግን ከእግር በታች ናት፤ ብዙ ተርጓሚዎች የምትጎድለውንና የምትሞላውን፣ ተለዋዋጩን ዓለም ያዩባታል። በዚህ ትርጉም ጉድጓድ ቢኖርባት ነውሩ የእመቤታችን አይሆንም፤ የረገጠችው ነገር ነው። ስለዚህ የቺጎሊ ጨረቃ ከንባቡ አልወጣችም።

ደግሞም በድብቅ የተሠራ ነገር አይደለም። ሊንቼይ አካዳሚ የሚባለው የሊቃውንት ማኅበር መሥራች ፌዴሪኮ ቼዚ በዲሴምበር 1612 ለጋሊሊዮ ሲጽፍ፣ ቺጎሊ ጨረቃዋን አንተ ባገኘኸው መልክ ስሏታል ብሎ በደስታ ነግሮታል። ቺጎሊ ጉልላቱ ላይ በሚሠራበት ጊዜ ከዚያው ሆኖ የፀሐይን ነጠብጣብ እያየ ለጋሊሊዮ ይልክ ነበር።

የቺጎሊ ሥዕል የተሠራበት ፍሬስኮ፣ ማለትም እርጥብ ኖራ ላይ መሳል፣ ደግሞ በግድየለሽነት የሚሠራ ሥራ አይደለም። ግድግዳው ላይ በዚያ ቀን የሚሳለውን ያህል ብቻ ስስ ኖራ ይለቀለቃል፤ ቀለሙ በውኃ ተበጥብጦ ኖራው ሳይደርቅ ይገባበታል። ኖራው ከአየሩ ጋር ተዋህዶ ድንጋይ ሲሆን ቀለሙን ይዞት ይቀራል። ከደረቀ በኋላ ለማረም ወይ ኖራውን ፈልፍሎ እንደገና መለቅለቅ ነው፣ ወይ በደረቁ መቀባት፤ በደረቁ የተቀባው ደግሞ ከጊዜ በኋላ ይረግፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጉድጓድ ብርሃኑ በየት፣ ጥላው በየት እንደሚወድቅ ወደ ላይ ሳይወጣ በፊት ንድፍ ላይ የተወሰነ ነው። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው እንዲነበብም ጉድጓዶቹ ገዝፈዋል፤ ጋሊሊዮ አልባቴግኒየስን ያገዘፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

የኋላው ፍርድ ደግሞ ስለ ጨረቃ አይደለም። የማርች 5 ቀን 1616 ድንጋጌ የኮፐርኒከስን መጽሐፍ እስኪታረም ያገደው ምድር ትንቀሳቀሳለች፣ ፀሐይ ቆማለች በማለቱ ነው። የ1633ቱም የጋሊሊዮ ፍርድ በዚያው ነገር ነው። የጨረቃ ተራራ የሰማይ አካል ፍጹም ልሙጥ ነው ከሚለው ከአርስቶትል ትምህርት ጋር ይጋጭ ነበር፣ አዎ፤ በቤተ ክርስቲያን ግን አልተከለከለም። ቺጎሊ በ1613 ስላረፈ ድንጋጌውን አላየውም።


ቱቦና_ሌንስ፦

ኤልስሃይመር ቀረ። ሙኒክ ያለው «ወደ ግብፅ ስደት» የሚባለው ሥዕሉ መዳብ ላይ የተሠራ፣ 31 በ41 ሴንቲ ሜትር ያህል ትንሽ ሥራ ነው፤ ዓመቱ 1609። ሰማዩ ላይ ሙሉ ጨረቃ ከነነጠብጣቧ አለች፤ የከዋክብት ጎዳናም (ፍኖተ ሐሊብ) በነጠላ ነጠላ ኮከቦች ተሠርቷል። ቴሌስኮፕ ነበረው የሚሉት በዚህ ተነሥተው ነው። ግን የጨረቃዋን ነጠብጣብ ባዶ ዓይን ያያል። ጥላ ያለው ጉድጓድ ደግሞ የለም፤ በሙሉ ጨረቃ ሊኖርም አይችልም። የከዋክብት ጎዳና የጥቃቅን ኮከቦች ክምችት ነው የሚለውም ሐሳብ ከጋሊሊዮ በፊት የቆየ ነው። ለእኔ ማስረጃ አይሆንም፤ የተካነ ዓይንና ቀጭን ብሩሽ ይበቃዋል።


ንጋት_ኮከብ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው ያጠራችሁልኝ። የጋሊሊዮን ዓይነት ቱቦ ከመነጽር ቤት ሌንስ መሥራት ይቻላል? አልባቴግኒየስንስ መቼ ነው የማየው?


ቱቦና_ሌንስ፦

ይቻላል። ለፊት +1 ዳዮፕተር (የመነጽር ቁጥር) ሌንስ፣ የትኩረት ርቀቱ 1 ሜትር። ለዓይን -10 ዳዮፕተር፣ 10 ሴንቲ ሜትር። 10 ጊዜ ያጎላል፣ በሁለቱ ሌንሶች መካከል 90 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። -20 ካገኘሽ 20 ጊዜ፣ 95 ሴንቲ ሜትር፤ ለመጀመሪያ ግን 10ሩ ይሻልሻል፣ እይታው ሰፋ ይላል። አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት ሁለት የካርቶን ቱቦ ሥሪ፤ የሚጠራው በመሳብና በመግፋት ነው። የፊት ሌንሱ ያበጠ ወገኑ ወደ ሰማይ ይሁን። ፊቱ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ካርቶን ግጠሚ፣ ውስጡን ጥቁር ቀቢው፤ ካልቀባሽው ከግድግዳው የሚመለሰው ብርሃን ጥላውን ያደበዝዘዋል። ምስሉ ድርብ ከሆነ ሌንሶቹ መሃል ለመሃል አልገጠሙም ማለት ነው። በእጅ ይዘሽ ምንም አታዪም፤ ከመስኮት ደፍ ወይም ከወንበር ጀርባ ጋር እሰሪው። ወደ ፀሐይ ፈጽሞ አታዙሪው፣ ዓይን ያጠፋል።

አልባቴግኒየስን ጨረቃ ከተወለደች በ7ኛው ወይም በ8ኛው ቀን ፈልጊው፤ ከድንበሩ አጠገብ፣ ከጨረቃዋ መሃል ወደ ደቡብ ትንሽ ዝቅ ብሎ። የሚበልጠው ጎረቤቱ ቶለሚየስ ወለሉ ዝርግ ነው፤ አልባቴግኒየስ መሃሉ ላይ ተራራ ስላለው አታምታቺያቸውም። መሃሉን ተራራ በ10 ጊዜ ማጉላት ካላየሽው አትገረሚ፤ የጠርዙን ጥላ ግን ታገኚዋለሽ። በማግስቱ ማታ ተመልሰሽ ስታዪው ጥላው አጥሮ ይጠብቅሻል።